ፎርድ ኤክስፕሎረር፦ የአሜሪካ ቤተሰብ የወደደው "ጂፕ" ገበያው እንዴት ወጣ፣ እንዴትስ ወረደ?

ፎርድ ኤክስፕሎረር እዚህ እስራኤል ውስጥ በተለምዶ "ጂፕ" ከምንላቸው ከፍ ያሉ የቤተሰብ መኪኖች አንዱ ነው። በትውልድ አገሩ በአሜሪካ በ1990ዎቹ ከዚህ ዓይነት መኪና በብዛት በመሸጥ የሚቀድመው አልነበረም።

ኩባንያው መኪናውን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ብሮንኮ 2 ሁለት በር ብቻ ስለነበረው ልጆች ላሉት ሰው አይመችም ነበር። ኤክስፕሎረር በአራት በር ሲመጣ፣ ወላጆች ልጆቻቸውንና ዕቃቸውን የሚጭኑበት፣ ሲያዩት ግን ቫን የማይመስል መኪና አገኙ። ከፍ ብሎ መቀመጡ መንገዱን አሻግሮ ያሳያል፣ ቤንዚኑም ያን ጊዜ ርካሽ ነበር። ፋብሪካውም ተጠቅሟል፤ መኪናው የተሠራው ሬንጀር በሚባለው ፒካፕ ሻንሲ ላይ ስለሆነ ትርፉ ከፍተኛ ነበር። እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ገዢ ጭቃ ረግጦበት አያውቅም፤ ሥራው ልጅ ትምህርት ቤት ማድረስና ገበያ መሄድ ነበር። እንዲህ እያለ በ2000 ዓ.ም. በአሜሪካ 445,157 ኤክስፕሎረር ተሸጠ።

በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ግን ፋየርስቶን የተባለው ጎማ ሠሪ 6.5 ሚሊዮን ያህል ጎማዎች እንዲመለሱለት ጠራ። ብዙዎቹ ኤክስፕሎረር ላይ የተገጠሙ ነበሩ። በሙቀት ጊዜ በፍጥነት ሲነዳ የጎማው የላይኛው ሽፋን እየተላቀቀ መኪናው ይገለበጥ ነበር፤ የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከእነዚህ ጎማዎች ጋር የተያያዘ የ271 ሰዎች ሞት መዝግቧል። ፎርድ "ጎማው ነው" ሲል ፋየርስቶን "መኪናው ነው" አለ፤ ከ90 ዓመት በላይ የቆየው ንግዳቸውም በ2001 ተቋረጠ። አንዱ ክርክር የአየር ግፊት ነበር። ፎርድ 26 ፒ.ኤስ.አይ. ይሞላ ይል ነበር፣ ፋየርስቶን ደግሞ 30 አለ። አየሩ ያነሰ ጎማ ይተጣጠፋል፣ ይግላል፤ ከፍ ያለ መኪና ደግሞ ከቤት መኪና ይልቅ ለመገልበጥ ቅርብ ነው። አየር ሲጎድል በአዳዲስ መኪኖች ላይ የምትበራው መብራት በአሜሪካ ግዴታ የሆነችው ከዚህ አደጋ በኋላ በወጣ ሕግ ነው። መብራቷ የሌለው አሮጌ ጂፕ ያላችሁ፣ ትክክለኛው ግፊት አብዛኛውን ጊዜ በሹፌሩ በር በኩል ተለጥፎ ይገኛልና ጎማው ሳይሞቅ አስለኩ።

የሚገርመው ገዢው ወዲያው አልሸሸም፤ በ2002 እንኳ ሽያጩ ከ4 መቶ ሺህ በላይ ነበር። መኪናውን የጣለው ቤንዚን ነው። በ2008 በጋ የአንድ ጋሎን ዋጋ ከ4 ዶላር አለፈ፣ የኢኮኖሚ ቀውሱም ተከተለ፤ በ2009 የተሸጠው 52,190 ብቻ ሆነ። መኪናውን ይሠራ የነበረው የሴንት ሉዊስ ፋብሪካ አስቀድሞ በ2006 ተዘግቶ ነበር።

ለ2011 የወጣው አዲሱ ኤክስፕሎረር የፒካፑን ሻንሲ ትቶ እንደ ቤት መኪና ተሠራ፤ ነዳጅም ቀነሰ። በዚያ ዓመት 135,179 ተሸጠ። ከ2021 እስከ 2024 ባሉት ዓመታት ደግሞ ሽያጩ በየዓመቱ 2 መቶ ሺህ ገደማ ነበር።