ደመወዝና ልብ ወለድ፦ ከቁስቋም ተዳፋት እስከ አራት ኪሎ

የአማርኛ ልብ ወለድ ከተወለደ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በዚህ ሁሉ ዘመን በልብ ወለዱ ገቢ ብቻ ጎጆውን ያቆመ ደራሲ ብርቅ ነው። የመጀመሪያውን ልብ ወለድ፣ በኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀውን፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እንጀራቸውን ያገኙ የነበረው ኔፕልስ ከተማ አማርኛ በማስተማር ነበር። ከእሳቸው በኋላ የመጡትም ጸሐፊ፣ ሚኒስትር፣ አምባሳደር፣ ጋዜጠኛ ወይም መምህር ነበሩ። መደበኛው ሥራ ለድርሰት የሚሆን ጊዜ መንፈጉ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ደራሲው ምን እንዳየ፣ የት ሆኖ እንደጻፈ፣ ዓረፍተ ነገሩ ለምን እንደረዘመ ወይም እንዳጠረ ሲጠየቅም መልሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው እዚያው ደመወዝ የሚከፈልበት መሥሪያ ቤት ነው።

ይህ ታሪክ በአዲስ አበባ ካርታ ላይ ቢፈለግ ከሰሜኑ ጫፍ ከእንጦጦ ግርጌ ይጀምራል። ቁስቋም በጉለሌ በኩል ሽሮ ሜዳን ተጎራብቶ፣ ባሕር ዛፍ የለበሰውን ተራራ ከኋላው አድርጎ የተቀመጠ ሰፈር ነው። ስሙን ያገኘው ከቁስቋም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲሆን ስሙ ራሱ ቅድስት ድንግል ልጇን ይዛ በስደት ያረፈችበትን የግብፅ ደብር ያስታውሳል። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው ምዕተ ዓመት በጎንደር ያሠሩት ደብርም በዚሁ ስም ይጠራል። ከቁስቋምና ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ መጀመሪያ ስድስት ኪሎን ያገኛል፤ በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሆነው የገነተ ልዑል ግቢ ያለው እዚያ ነው። ትንሽ ወረድ ሲባል ደግሞ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ያለበት አራት ኪሎ ይመጣል። የአማርኛ ደራሲ የተማረበት ወይም ያስተማረበት ግቢ፣ ደመወዝ የበላበት ጋዜጣ የሚታተምበትና የገዛ መጽሐፉ የተጠረዘበት ማተሚያ ቤት፣ አብዛኛው በዚህ አንድ ቁልቁለት ላይ ተሰድሮ ይገኛል።

ድርሰትን ከሌላ ሥራ ጋር ማስኬድ ግን ከልብ ወለድ በፊት የነበረ ልማድ ነው። የቤተ ክርስቲያን ደብተራ ቅኔ ይቀኛል፣ ማኅሌት ይቆማል፣ ተማሪ ያስተምራል፣ መጽሐፍ ይገለብጣል፤ በዚያ ላይ የደብሩን መሬት ያርስ ወይም ያሳርስ ነበር። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ መቃ ቀርጾ አንድ ዳዊት ለመጨረስ ወራት ይወስድ ነበር። የጽሕፈቱን ጊዜ የሚወስነው ደግሞ የአየሩ ጠባይ ነው። የተወጠረ ቆዳ የሚደርቀው በፀሐይ፣ ጥሩ እጅ ጽሑፍም የሚወጣው በቀን ብርሃን በመሆኑ ክረምቱ ለጸሐፊ አይመችም። የቁስቋም በዓል ራሱ ከዚህ የወቅት ሥርዓት ጋር የተሳሰረ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚዘልቀው የጽጌ ጾም ምድር በአበባ የምታጌጥበት ወቅት ላይ ይውላል፤ በየሰንበቱ ሌሊት ማኅሌተ ጽጌ ሲቆም ቆይቶ በኅዳር 6 የቁስቋም ክብረ በዓል ይደመደማል። ድርሰቱ፣ የሜዳው አበባና የደብሩ አገልግሎት በአንድ የቀን መቁጠሪያ ይሄዱ ነበር ማለት ነው። የኋለኛው ዘመን ደራሲ ያጣው አንዱ ነገር ይህ ስምምነት ይመስላል፤ የመሥሪያ ቤት ሰዓት ክረምትና በጋ አይለይም።

ከደብር ወደ መሥሪያ ቤት የተደረገውን ሽግግር በአንድ ሰው ሕይወት ማየት ይቻላል። በመርሐ ቤቴ የተወለዱት ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የቤተ ክርስቲያን ትምህርታቸውን ከተከታተሉባቸው ስፍራዎች አንዱ የእንጦጦው ራጉኤል ነው። ከተራራው ወርደው የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት መሩ፤ በኋላም ብላቴን ጌታ ተብለው በ1923 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ፤ በዚያው ዘመን ወደ ጃፓን ተጓዙ። በዚህ ሁሉ መካከል ከሃያ በላይ መጻሕፍት ጽፈዋል። በ1925 ያሳተሙት «አዲስ ዓለም» የተባለው ልብ ወለድ ፈረንሳይ አገር ተምሮ የተመለሰውን የአወቀን ታሪክ ይተርካል። አወቀ ከወገኖቹ ጋር የሚጋጨው በለቅሶ፣ በተዝካርና በሠርግ ልማድ ላይ ነው። ደራሲው ቀን በቢሮ የሚያስቡት የማሻሻል ሐሳብ ማታ ወደ ልብ ወለዳቸው እንደገባ ለማየት ጥቂት ገጽ ማንበብ ይበቃል። መጽሐፉ አጭር ነው፤ ሐሳቡን እንደ ማስታወሻ ጽሑፍ በቅደም ተከተል ያቀርባል። የሚኒስትር እጅ ይታይበታል።

ከኢጣልያ ወረራ በኋላም ብዕሩ በሹማምንት እጅ ቆየ። «ዓለም ወረተኛ» እና «አርሙኝ» የተባሉትን መጻሕፍት የጻፉት ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። በ1941 «አርአያ»ን ያሳተሙት ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም በሚኒስትርነትና በአምባሳደርነት አገልግለዋል። «አርአያ» ውጭ ተምሮ አገሩን ሊያገለግል የተመለሰ ወጣት ከመሥሪያ ቤት አሠራር ጋር ሲላተም ያሳያል። ደራሲው ያንን አሠራር ከውስጥ የሚያውቁት ሰው ናቸው፤ ለዚህም ነው የቢሮው ክፍል ከፍቅሩ ክፍል ይልቅ ሕይወት ያለው።

ከሹማምንቱ ደራስያን ሁሉ ሥራንና ድርሰትን በማይረሳ መንገድ ያገናኙት ግን ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። ጎጃም ውስጥ ደብረ ማርቆስ አካባቢ ተወልደው፣ በእነ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ተምረው፣ በመምህርነት ሠርተዋል። ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው ተማርከው ለዓመታት በኢጣልያ ደሴቶች ታስረዋል። ከነጻነት በኋላ በኢየሩሳሌም፣ በዋሽንግተን፣ በተባበሩት መንግሥታት ዘንድና በለንደን አገራቸውን ወክለዋል፤ የትምህርት ሚኒስትርም ነበሩ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የወጣው በ1958 ነው፤ የለንደኑ አምባሳደርነት ያበቃውም በዚሁ አካባቢ ነው። በዲፕሎማሲ ሥራ የተጠመደ ሰው ከ500 ገጽ በላይ ስለ ጎጃም ገጠር መጻፉ እንግዳ ሊመስል ይችላል። ሆኖም ያ መጽሐፍ ከአገር ርቆ በቆየ ሰው ናፍቆት የተሞላ ነው። የማንኩሳ ሜዳ፣ የዲማ ገዳም፣ የበዛብህና የሰብለ ወንጌል መንገድ በዝርዝር የተሳሉት በየቀኑ በሚያያቸው ሰው ሳይሆን በልቡ ይዟቸው በዞረ ሰው ነው። ዓረፍተ ነገሮቹም ረጃጅም ናቸው፤ ቅኔ ቤት የለመዱትን የሐሳብ ክምር ያስታውሳሉ። ሐዲስ ሌሎቹን ሁለት ትልልቅ ልብ ወለዶቻቸውን፣ «ወንጀለኛው ዳኛ»ንና «የልም እዣት»ን፣ ያሳተሙት ከሹመት ከራቁ በኋላ ነው፤ ጊዜ የተረፋቸው ያኔ ነበር። ለአንባቢ ግን በጥድፊያው ዘመን የወጣው የመጀመሪያው መጽሐፍ ይበልጣል። ሰፊ ጊዜ የግድ የተሻለ መጽሐፍ አይወልድም።

ሌላው ዓለምም ከዚህ ብዙ አይለይም። ግብፃዊው ናጂብ ማሕፉዝ እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ያገኘ ደራሲ ቢሆንም እስከ ጡረታው፣ እስከ 1971 ድረስ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። የካይሮን ጠባብ መንደሮች የጻፈው ከቢሮ መልስ ነው።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ብዕሩ ከሹማምንት ወደ ጋዜጠኞች ተሻገረ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ በ1933 የተመሠረተው አዲስ ዘመን፣ መነን መጽሔትና ሌሎቹ ጽሑፍ የሚችል ሰው ይፈልጉ ነበር፤ ጽሑፍ ለሚችለው ወጣትም የወር ደመወዝ የሚገኝበት የተሻለ ቦታ አልነበረም። የጋዜጣ ክፍል ከአምባሳደር ቢሮ የተለየ ልማድ ያስይዛል፦ ጽሑፍ ዛሬ ማታ ማለቅ አለበት፣ ቦታው የተወሰነ ነው፣ አንባቢ ከሰለቸ ገጹን ይገልጣል። የብርሃኑ ዘሪሁን ዓረፍተ ነገር አጭር የሆነው በዚህ ሙያ ስለታሸ ነው ማለት ከእውነት አያርቅም። «የቴዎድሮስ እንባ»ን ወይም «ማዕበል» በሚል የወጡትን ተከታታይ መጻሕፍት ከሐዲስ ዓለማየሁ ገጾች ጎን ያስቀመጠ ሰው ልዩነቱን ባንድ አንቀጽ ይረዳዋል።

በዓሉ ግርማ የዚህ ትውልድ ዋና ምስክር ነው። ኢሉባቦር ተወልዶ፣ በአዲስ አበባና በአሜሪካ ተምሮ፣ የጋዜጦችና የመጽሔቶች አዘጋጅ ሆነ፤ በኋላም በማስታወቂያ ሚኒስቴር እስከ ቋሚ ተጠሪነት ደረሰ። ሥራና ድርሰት የሚጣሉበትን ቦታ የታሪኩ ጉዳይ ማድረጉ ከሌሎቹ ይለየዋል። በ1962 የወጣው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ «ከአድማስ ባሻገር» በመሥሪያ ቤት ሥራውና በሥነ ጥበብ ፍቅሩ መካከል የሚዋልለውን የአበራ ወርቁን ታሪክ ይዟል። ዘመድ ትዳርና ሹመት ይፈልግለታል፤ አበራ ሌላ ነገር ይፈልጋል። «ደራሲው» የተባለው ልብ ወለድ ደግሞ ጉዳዩን ወደ ቤት ያስገባዋል። ሲራክ የተባለው ባለታሪክ የሚጽፈው የቤት ጣጣና የገንዘብ እጦት እየጎተተው ነው፤ አንባብያን በሲራክ ጀርባ ስብሐት ገብረ እግዚአብሔርን ያያሉ።

በበዓሉ ዘንድ መሥሪያ ቤቱ የድርሰት ጠላት ብቻ አልነበረም፤ ታሪክም ሰጥቶታል። በ1974 ለደርግ መንግሥት የቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ሄዶ ያየው ነገር በ1975 በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታትሞ በወጣው «ኦሮማይ» ውስጥ ገባ። ባለታሪኩም ጋዜጠኛ ነው። መጽሐፉ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው ከሥራ ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። በአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ ሥራና ድርሰት የተገናኙበት ከዚህ የከፋ ጊዜ የለም።

ሥራ ለቅቆ በብዕር መኖርን የሞከረም ነበር። አቤ ጉበኛ መደበኛ ሥራውን ትቶ በመጽሐፍ ሽያጭ ለመተዳደር ከተነሡት ቀደምት ደራስያን አንዱ ነው። በ1955 የወጣው «አልወለድም» በፍጥነት ተሸጠ፤ ታገደም። ደራሲው ራሱ ወደ ኢሉባቦር፣ ጎሬ ተግዞ ነበር። ያለ ደመወዝ መኖር ለድርሰት ነጻነት ይሰጣል የሚለው ግምት በዚያ ዘመን እስከ ሳንሱር ቢሮ በር ድረስ ብቻ ነበር የሚያስኬደው። ስብሐት በበኩሉ «ሌቱም አይነጋልኝ»ን በወጣትነቱ ፈረንሳይ፣ ኤክስ-አን-ፕሮቫንስ ሳለ ጽፎ፣ ለሕትመት እስኪበቃ አሥርት ዓመታት ጠብቋል። እስከዚያው የኖረው በመጽሔትና በጋዜጣ ጽሑፍ ነው።

ልብ ወለዱ ከተፈጥሮ ጋር ያለው ግንኙነትም በዚሁ የኑሮ አደረጃጀት ተወስኗል። ደራስያኑ አብዛኞቹ ገጠር ተወልደው አዲስ አበባ የሠሩ ናቸው፤ ስለዚህ ሜዳውና ወንዙ በትዝታ ወይም በሥራ ጉዞ የተገኙ ናቸው። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ወደ ደራሲው የትውልድ አገር ወደ ሸዋ ገጠር ይመለሳል። ፍቅረማርቆስ ደስታ «ከቡስካ በስተጀርባ»ን የጻፈው በሐመር ምድር በመምህርነት ሠርቶ ነው። ደራስያኑ የሚኖሩበት ከተማ ተፈጥሮ ግን በልብ ወለዱ ትንሽ ቦታ ነው የያዘው። ከቁስቋም በላይ ያለው ደን አብዛኛው በምኒልክ ዘመን የማገዶ እጥረትን ለማቃለል የገባ ባሕር ዛፍ ነው፤ እንጨቱን ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱት የእንጦጦ ሴቶች ኑሯቸው የተመሠረተው በዚህ ዛፍ ላይ ነው። ጉለሌና ሽሮ ሜዳ የሸማኔም ሰፈር ናቸው። ይህ ሁሉ ከዩኒቨርሲቲው በእግር የሚደረስበት ሆኖ ሳለ የአማርኛ ልብ ወለድ ዓይኑን ይበልጥ የጣለው በፒያሳና በውቤ በረሃ መጠጥ ቤቶች ላይ ነው። ደራሲው ከቢሮ ሲወጣ የሚሄደው ወደዚያ እንጂ ወደ ተራራው አልነበረም።

የቀረው ሰዓት የቤት ነው። ለቅሶ፣ ዕድር፣ ማኅበር፣ ክርስትና፣ የታመመ ዘመድ መጠየቅ፣ ለሰዓታት የሚዘልቅ ቡና፤ ከእነዚህ የቀረ ሰው ይታማል። ወንዱ ደራሲ ከዚህ ተርፎ ሌሊቱን ሲያገኝ ሴቷ እሱንም አታገኝም። የልብ ወለድ ጸሐፊ ሴቶች ቁጥር ለረጅም ጊዜ ያነሰበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከስድስት ኪሎ ብዙም በማይርቀው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩት ስንዱ ገብሩ፣ የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ ተመራጭ፣ «የልቤ መጽሐፍ»ን ሰጥተውናል፤ እሱም ግጥምና ተውኔት ነው እንጂ ልብ ወለድ አይደለም። አጭር ሰዓት ለአጭር ቅርጽ ይመቻል።

ከ1983 በኋላ ሳንሱሩ ቀረ፤ የግል ጋዜጣና መጽሔት ለደራሲ አዲስ የገቢ ምንጭ ሆነ። በደርግ እስር ቤት የማርጋሬት ሚቸልን ትልቅ ልብ ወለድ በሲጋራ ወረቀት ላይ የተረጎመው ነቢይ መኮንንም በዚህ ዘመን የጋዜጣ አዘጋጅ ሆነ። አዳም ረታን የመሰሉ ደግሞ ኑሯቸውን ውጭ አገር አድርገው በአማርኛ መጻፉን ቀጠሉ። የሕትመቱ አሠራር ግን ብዙ አልተለወጠም። ብዙ ጊዜ የወረቀቱንና የማተሚያውን ሒሳብ የሚከፍለው ደራሲው ራሱ ነው፤ መጽሐፉን ለአከፋፋይና ለአዟሪ አስረክቦ ከሽያጩ ወጪውን ይመልሳል፤ የሚቀጥለውንም መጽሐፍ የሚያሳትመው ከደመወዙ ቆጥቦ ነው።