በቁራ ራስ ላይ የተቆረጠ ዋጋ

እ.ኤ.አ. በ1566 የእንግሊዝ ፓርላማ እህልን ከአጥፊ አውሬና ወፍ ለመጠበቅ ብሎ ባወጣው ሕግ በቁራ ራስ ላይ ዋጋ ተቆረጠ። ሦስት ትልልቅ ቁራዎች ገድሎ ራሳቸውን ላመጣ ሰው አንድ ፔኒ፣ የስድስት ጫጩቶች ራስ ላመጣም አንድ ፔኒ፣ ስድስት ያልተሰበሩ እንቁላሎች ላመጣም እንዲሁ አንድ ፔኒ ይከፈለው ነበር። ገንዘቡ ከየአጥቢያው ባለ መሬት የሚዋጣ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1532 ንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ እያንዳንዱ አጥቢያ የቁራ ማጥመጃ መረብ እንዲኖረው አዝዞ ነበርና ሕጉ ያልታሰበ ዱብ ዕዳ አልነበረም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይሁን እንጂ በዚያው የ1566 ሕግ ውስጥ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ አንቀጽ አለ። በከተማ ውስጥ፣ ወይም ከከተማ በሁለት ማይል ክልል ውስጥ ለተገደለ ትልቁ የቁራ ዓይነትና ለጭልፊት ምንም ክፍያ የለም። በዚያን ዘመን የለንደንን ጎዳና ከጥንብና ከሥጋ ቤት ትራፊ የሚያጸዱት እነዚሁ ወፎች ነበሩ። ገጠር ውስጥ ራሱ በገንዘብ የሚፈለገው ወፍ ከተማው በር ላይ ሲደርስ ባለ ውለታ ይሆናል ማለት ነው።

እኛም ብንሆን ቁራን የምናውቀው በሁለት ፊቱ ነው። ከኖኅ መርከብ ወጥቶ የቀረው እሱ ነው፤ ተልኮ የማይመለስ ሰው ዛሬም የቁራ መልእክተኛ ይባላል። በኮራት ወንዝ ዳር ለነቢዩ ኤልያስ ጠዋትና ማታ እንጀራና ሥጋ ያመላለሰውም ያው ቁራ ነው። ይህን ማንሳቴ ለወፉ ጥብቅና ለመቆም አይደለም። ቁራ ዘር ይነቅላል፣ እንቁላል ይሰርቃል፣ ጫጩት ይነጥቃል፤ ገበሬ ሲያማርር ያለ ምክንያት አይደለም። የምከራከረው ስለ ሕጉ ነው። ያለፉት አራት መቶ ተኩል ዓመታት መዝገብ የሚያሳየን ወፉን በጅምላ ጠላት ብሎ የፈረጀ ዘመቻ የተነሣበትን ዓላማ እንዳልመታ፣ የትኛው ወፍ፣ የት፣ በየትኛው ወር፣ ምን እንዳጠፋ የሚጠይቅ ሕግ ግን ለገበሬውም ለወፉም እንደሚበጅ ነው። ለዚህ ከአሜሪካ የተሻለ መማሪያ አላገኘሁም።

ሰፋሪዎቹ አትላንቲክን ሲሻገሩ በወፍ ራስ ላይ ዋጋ የመቁረጥን ልማድም ይዘው ተሻግረዋል። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ፔር ካልም በ1740ዎቹ መጨረሻ አሜሪካን ሲጎበኝ ቤንጃሚን ፍራንክሊን የነገረውን መዝግቧል። በኒው ኢንግላንድ የበቆሎ ሌባ የሚባሉ፣ ከቁራ የሚያንሱ ግን በአንድ ዓይነት ክስ የሚከሰሱ ጥቁር ወፎችን ለገደለ ሰው ገንዘብ ይከፈል ነበር። ወፎቹ ሊያልቁ ሲቃረቡ በ1749 ትል ተነሥቶ ሣሩን ጨረሰው፤ ድርቆሽ ከፔንሲልቬንያ፣ አልፎም ከብሪታንያ ድረስ ማስመጣት ግድ ሆነ። ትሉን ያመጣው የወፎቹ መጥፋት ብቻ ነው ብሎ መማል አይቻልም፤ ሰዎቹ ራሳቸው ግን በሥራቸው ተጸጽተዋል። ጠንካራው ማስረጃ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ከወፉ ሆድ ውስጥ ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በ1895 ስለ ቁራ ምግብ አንድ ጥናት አሳተመ። በ1918 ደግሞ ኤድዊን ካልምባክ የተባለው ባለሙያ ከ2 ሺህ በላይ የቁራ ጨጓራዎች ተከፍተው የተመረመሩበትን ሰፊ ሥራ አወጣ። ከአዋቂው ቁራ ምግብ ከመቶ ሰባ ያህሉ እህል፣ ፍሬና ቅጠላ ቅጠል ነው፤ ከዚያም ትልቁን ድርሻ የሚይዘው በቆሎ ነው። ክሱ እውነት ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ከዚያ በቆሎ ብዙው አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ማሳ ላይ የቀረ፣ በክረምት ብርድ የሚለቀም ቃርሚያ ነው። እውነተኛው ጉዳት የሚደርሰው ቡቃያው ብቅ ሲልና እሸቱ ወተት ሲይዝ ነው። በሌላ በኩል ጫጩቶቹ የሚያድጉት በአብዛኛው በፌንጣ፣ በጥንዚዛና በትል ነው። እንግዲህ ያው ቁራ በአንድ ዓመት ውስጥ፣ በአንድ ማሳ ላይ፣ ሌባም ዘበኛም ነው።

ይህ ሁሉ ታትሞ እያለ የተከተለው ዘመን ከሁሉ የከፋው ነበር። በ1930ዎቹ በሰሜን አሜሪካ ሜዳ ላይ ዝናብ ጠፍቶ ኩሬዎቹ ሲደርቁ የዳክዬ ቁጥር አሽቆለቆለ፤ ብዙ አዳኞች ጣታቸውን የዳክዬ እንቁላል በሚበላው ቁራ ላይ ቀሰሩ። ቁራ በክረምት በሺዎች ተሰብስቦ በአንድ ደን የማደር ልማድ አለው፤ በየማደሪያው ዛፍ ላይ ቀን ፈንጂ እየታሰረ ሌሊት ይፈነዳ ጀመር። በ1940 በኢሊኖይ፣ ሮክፎርድ አካባቢ በአንድ ሌሊት ከ300 ሺህ በላይ ቁራዎች እንደተገደሉ ተዘግቧል። በኦክላሆማ ደግሞ ከ1934 እስከ 1945 ባለው ጊዜ በዚህ መንገድ የተገደሉት ወደ 3.8 ሚሊዮን ይጠጋሉ። ቆጠራው ሲታይ በዚህ ሁሉ እልቂት የእህሉ ጉዳት ለመቀነሱም ሆነ ዳክዬው ለመብዛቱ አንድም ማስረጃ አልተገኘም። በክረምት ማደሪያ የሚገኘው ወፍ አብዛኛው ከሩቅ ሰሜን የመጣ እንግዳ ነው፤ በፀደይ የገበሬውን ቡቃያ የነቀለው ወፍና በክረምት የሞተው ወፍ ላይገናኙ ይችላሉ። ጥፋተኛው ሳይለይ ቅጣቱ ተፈጸመ።

ሕጉ የተለወጠው ዘግይቶ ነው። አሜሪካ በ1916 ስለ ካናዳ ከብሪታንያ ጋር ስለ ተጓዥ ወፎች ስትዋዋል፣ ውሉንም በ1918 ሕግ ስታደርገው፣ ቁራ ከጥበቃው ውጭ ቀርቶ ነበር። የገባው በ1972 ከሜክሲኮ ጋር የነበረው ውል ሲሻሻል ነው። ከዚያ ወዲህ ክፍለ ግዛቶች የቁራ አደን መፍቀድ ይችላሉ፣ ግን በዓመት ከ124 ቀን ሊያልፍ አይችልም፤ ወፉ በብዛት ጎጆ በሚይዝበት ወቅት አደን ክልክል ነው፤ ከአውሮፕላን መተኮስም እንዲሁ። የተፈቀደው ጠመንጃ፣ ቀስት ወይም የሠለጠነ አዳኝ ወፍ ነው። ሃዋይ ውስጥ ግን ቁራ ፈጽሞ አይነካም። በሃዋይ ደሴቶች ብቻ ይኖር የነበረው አላላ የተባለው ቁራ፣ በ1890ዎቹ ገበሬዎች ሲተኩሱበት፣ ደኑ ሲመነጠርበትና በሽታ ሲገባበት ቆይቶ በ2002 ከዱር ጠፍቷል። የ1566ቱ ሕግ ከተማንና ገጠርን እንደለየ ሁሉ ይህም ሕግ ቦታን ከቦታ ይለያል።

እዚህ ላይ የገበሬው ተቃውሞ ይመጣል፤ ቡቃያዬ እየተነቀለ የአደን ወቅት እስኪከፈት ልጠብቅ ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ሕጉም መልስ አለው። ቁራ በሰብል ወይም በከብት መኖ ላይ ከባድ ጉዳት ሲያደርስ ባለ ጉዳዩ ያለ ልዩ ፈቃድ መግደል ይችላል። በምላሹ አስቀድሞ ሳይገድል የማባረሪያ ዘዴ መሞከር፣ እርሳስ የሌለበት ጥይት መጠቀምና በዓመቱ ስንት እንደገደለ ማሳወቅ አለበት። የእኛ ገበሬ ማማ ላይ ልጅ አቁሞ፣ ወንጭፍ አስይዞ እሸቱን ሲያስጠብቅ የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ወፉን በማሳው ላይ፣ በወቅቱ ያባርራል እንጂ ጫካ ድረስ ተከትሎ ዘሩን ለማጥፋት አይነሣም። ቁራ ቁጥሩ ብዙ ስለሆነ ቢገደልም አይጎድልም የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ የአሜሪካው ቁራ ለመጥፋት አልተቃረበም። ግን የማያጎድል ግድያ ጉዳቱንም አያጎድልም። በተጨማሪም ወፉ መኖሩ ለሰው ይጠቅማል፤ በ1999 የዌስት ናይል ቫይረስ ኒውዮርክ ሲገባ ለሰው ማስጠንቀቂያ የሆነው በየመንገዱ የወደቀ የቁራ ሬሳ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን የሚመጣው ከራሳችን አህጉር ነው። አንገቱና ደረቱ ግራጫ የሆነው የህንድ ቁራ በ1890ዎቹ ቆሻሻ እንዲያጸዳ ተብሎ ወደ ዛንዚባር ተወሰደ፤ በ1917 ግን ተባይ ተብሎ ለገደለው ሰው ይከፈል ጀመር። ዛሬ የምሥራቅ አፍሪካን ጠረፍ አጥለቅልቆ የአገሬውን ወፎች ጎጆ ያራቁታል። የኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎትም በ2024 አንድ ሚሊዮን ያህሉን ለማስወገድ ማቀዱን አስታውቋል። እንዲህ ዓይነቱን መጤ ማስወገድ ተገቢ ነው እላለሁ። ክርክሬን አያፈርሰውም፤ ይኸኛው ዝርያ፣ በዚህ ጠረፍ፣ ይህን ጥፋት አድርሷል ተብሎ ተለይቷልና። ሆኖም ዛንዚባር ራሷ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በወጥመድና በመርዝ ቁጥሩን እጅግ ቀንሳ ነበር፤ ገንዘቡ ሲያልቅ ሥራው ቆመ፣ ወፉም ተመልሶ በዛ። ክፍት የቆሻሻ ክምር እስካለ ድረስ መግደል ብቻውን ማቆሚያ የሌለው ወጪ ነው።

ይህ ቁራ ጅቡቲ ወደብ ላይ ከሰፈረ ቆይቷል። በእኛ ደጋ የሚኖረው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ባለ ወፍራም ምንቃሩ ቁራ ደግሞ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ መኖሪያ የለውም። ስለዚህ በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ያሉ የከተማ አስተዳደሮችና የዱር እንስሳት ባለሙያዎች ግራጫ አንገቱን መጤ ከደረተ ነጩና ከሌሎቹ የአገሬው ቁራዎች የሚለይ ሰው ከወዲሁ ያሠልጥኑ፤ የቆሻሻ መጣያዎቻቸውንም ይሸፍኑ። ቁራ ሁሉ ይገደል የሚል ትእዛዝ ከማውጣታቸው በፊት የሚሠራው ሥራ ይህ ነው።