ቴክኖሎጂ አቅም ባጠረው ክፍል

አቅም ባጠረው ክፍል ቴክኖሎጂን መጠቀም ማለት መብራት በሚቆራረጥበት፣ ኢንተርኔት በሌለበት ወይም ዋጋው በማይቀመስበት፣ በአንድ ክፍል ስልሳና ሰባ ተማሪ በሚታጨቅበት ትምህርት ቤት ሬዲዮን፣ ቴሌቪዥንን፣ ስልክንና ኮምፒውተርን ለማስተማሪያነት ማዋል ነው። ባለፉት ሃምሳ ዓመታት በዚህ ዘርፍ በየአገሩ ብዙ ተሞክሯል፤ ከሰፊዎቹ ሙከራዎች አንዱ የተካሄደው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ከሙከራዎቹ ውጤት ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፦ ተማሪው ሳይገባው ሲቀር ትምህርቱን ማስቆም የሚችለው ማን ነው?

ፕላዝማ

በኢትዮጵያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ስክሪኑ ጠፍጣፋ ፕላዝማ ስለነበር አሠራሩ በሙሉ «ፕላዝማ» ተባለ፤ በዚያን ጊዜ ዘጠነኛ ክፍል የገባ ሰው ዛሬም በዚሁ ስም ነው የሚያስታውሰው።

ለዚህ ያበቃው ችግር እውነተኛ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደንግጓል። የተማሪው ቁጥር በየዓመቱ ሲያድግ፣ ሒሳብና ፊዚክስን በእንግሊዝኛ አጥርቶ የሚያስተምር መምህር ግን እንደ ልብ አይገኝም ነበር። መፍትሔ ተብሎ የተወሰደው ጥሩ ተደርጎ የተዘጋጀ አንድ ትምህርት ለሁሉም ማድረስ ነው። ሒሳብ፣ የሳይንስ ትምህርቶች፣ እንግሊዝኛና የሥነ ዜጋ ትምህርት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተቀርጸው በሳተላይት ወደ 450 ገደማ ትምህርት ቤቶች ተሠራጩ። ጎንደር ያለውም ጅማ ያለውም ተማሪ በአንድ ሰዓት አንድ ትምህርት ማየት ቻለ። ይህ እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር አይደለም። ቤተ ሙከራ በሌለው ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ አሲድና ቤዝ ሲዋሃዱ፣ ልብ ደም ስትቀበልና ስትረጭ በዓይኑ አይቷል።

አንድ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ግን እንዲህ ይሄድ ነበር። መምህሩ ስክሪኑ የተቆለፈበትን ሳጥን ይከፍትና ስለ ዕለቱ ርዕስ ጥቂት ይናገራል። ሰዓቱ ሲደርስ የቴሌቪዥኑ መምህር በእንግሊዝኛ ሰላምታ ሰጥቶ ይጀምራል። አንድ ምሳሌ ይሠራል፤ ቀጥሎ ጥያቄ ያወጣና ተማሪዎቹ እንዲሠሩት ጥቂት ጊዜ ይሰጣል። ኋላ ወንበር ላይ ያለችው ተማሪ ጥያቄውን ገልብጣ ሳትጨርስ መልሱ ስክሪኑ ላይ ይመጣል። መልሱን ልገልብጥ ስትል ቀጣዩ ንዑስ ርዕስ ተጀምሯል። መምህሩ ከግድግዳው ጥግ ቆሞ ይህን ሁሉ ያያል፤ ልጅቷ የት ላይ እንደቀረች ያውቃል፤ ማቆም ግን አይችልም። መብራት ሲሄድማ ስክሪኑ ይጨልማል እንጂ ሥርጭቱ አይቆምም፤ መብራቱ ሲመለስ ትምህርቱ እነሱን ጥሎ ርቆ ሄዷል። ያለፈውን ለመመለስ የሚቀረው መምህሩና ጠመኔው ነው፤ ለዚያ የቀረው ደቂቃ ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነው።

በፕላዝማ ላይ የተሠሩ ጥናቶች ያነሷቸው ቅሬታዎች ከዚህ የራቁ አይደሉም፦ የትምህርቱ ፍጥነት፣ የተማሪው ጆሮ ያልለመደው የእንግሊዝኛ አነጋገር፣ መምህሩ በገዛ ክፍሉ ተመልካች መሆኑ፣ መሣሪያው ሲበላሽ ጠጋኝ አለመገኘቱ። ብዙዎች ጥፋቱን በቴሌቪዥኑ ላይ ያደርጉታል። ነገሩን በቅርብ ለሚያይ ግን ትልቁ ጉዳት የመጣው ትምህርቱ በቀጥታ ሥርጭት፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በአንድ ፍጥነት እንዲሄድ ተደርጎ በመሠራቱ ነው። ያው ትምህርት በዲስክ ወይም በፍላሽ ተቀድቶ መምህሩ እጅ ቢገባ፣ መምህሩ አሥር ደቂቃውን ብቻ መርጦ አሳይቶ፣ አቁሞ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም አብራርቶ፣ መልሶ ማስጀመር ይችል ነበር። ጥሩው ምስል ባልባከነ፣ የመምህሩም እውቀት ባልተጣለ ነበር።

ዝም የሚል ሬዲዮ

ከፕላዝማ በፊት፣ ከዚያ እጅግ ባነሰ ወጪ፣ ይህንኑ ችግር በሌላ መንገድ የፈቱ ሰዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች በኒካራጓ ለመጀመሪያ ደረጃ ተማሪዎች ሒሳብን በሬዲዮ ማስተማር ጀመሩ። የዘዴው ምሥጢር በፕሮግራሙ ውስጥ ሆን ተብሎ የተተወው ጸጥታ ነው። ሬዲዮው «ሰባት ሲደመር አምስት?» ይላል፤ ከዚያ ጥቂት ሴኮንድ ዝም ይላል። ልጆቹ በአንድ ድምፅ «አሥራ ሁለት!» ይላሉ። ሬዲዮው መልሱን ይደግመዋል፤ የተሳሳተ ልጅ ስህተቱን እዚያው ያርማል። ቀጥሎ «ጣታችሁን አንሡ»፣ «ከጎናችሁ ላለው ልጅ ንገሩ»፣ «መምህር፣ ሁለት ልጆች ወደ ሰሌዳው ይጥሩ» ይላል። የጸጥታው ርዝመት በግምት አልተቀመጠም፤ አዘጋጆቹ ፕሮግራሙን ክፍል ውስጥ እያሰሙ፣ ልጆቹ ሲመልሱ እያዩ ያስተካክሉት ነበር።

ዘዴው በእንግሊዝኛ «ኢንተርአክቲቭ ሬዲዮ» ይባላል፤ በአማርኛ የሬዲዮ መልስ-ተመላሽ ትምህርት ሊባል ይችላል። ከኒካራጓ ወደ ኬንያ፣ ከዚያም ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ። ኢትዮጵያም በታችኛው የመጀመሪያ ደረጃ ለእንግሊዝኛ ትምህርት ተጠቅማበታለች። በዛምቢያ እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው «ለርኒንግ አት ታኦንጋ ማርኬት» የተሰኘ ፕሮግራም ደግሞ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች፣ ብዙዎቹም ወላጆቻቸውን በኤድስ ላጡ፣ የታሰበ ነበር። በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ወይም በዛፍ ጥላ ሥር አንድ ሬዲዮ ይቀመጣል፤ በመምህርነት ያልሠለጠነ የሰፈር በጎ ፈቃደኛ የሬዲዮውን ትእዛዝ እየተከተለ ልጆቹን ያስተምራል።

ሬዲዮም ቢሆን የሚደርሰው በሥርጭቱ ሰዓት ነው፤ አንዴ ያመለጠ አይመለስም። ፕሮግራሙ በካሴት፣ ኋላም በስልክ ሚሞሪ ካርድ ሲቀዳ ይህ ችግር ቀለለ። ዛሬ በሶላር የሚሞላ ትንሽ ስፒከርና አንድ ሚሞሪ ካርድ ለአንድ ክፍል የዓመት የማዳመጥ ትምህርት ይይዛሉ።

መሣሪያው ለማን ይሰጥ?

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ የሚለው ሐሳብ በዓለም ዙሪያ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። በስፋት ከተገበሩት አገሮች ፔሩ ትጠቀሳለች። የኢንተር-አሜሪካ ልማት ባንክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጡት ጥናት 319 የገጠር ትምህርት ቤቶችን አነጻጽረው፣ ላፕቶፑ ከተሰጠ ከ15 ወር በኋላ በሒሳብና በቋንቋ ፈተና የታየ ልዩነት እንደሌለ አረጋገጡ። ልጆቹ ኮምፒውተሩን መጠቀም ለምደዋል፤ ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ትምህርት ግን እንደ ድሮው ነበር።

በኬንያ ኪሱሙ አካባቢ የተደረገው ሙከራ ደግሞ ጥያቄውን በቀጥታ አነሣ። በመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ትምህርት ላይ ሦስት አማራጭ ተሞከረ፦ ታብሌት መምህራንን ለሚከታተሉ የትምህርት ባለሙያዎች መስጠት፣ ታብሌት ለመምህራኑ መስጠት፣ ለተማሪዎቹ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ማንበቢያ መስጠት። በሦስቱም ልጆቹ ንባባቸው ተሻሽሏል፤ በሦስቱ መካከል ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ልዩነቱ በወጪው ነበር፤ ለባለሙያዎቹ የተሰጠው ከሁሉም ረከሰ። እ.ኤ.አ. በ2015 በኬንያ አገር አቀፍ ሆኖ የተጀመረው «ቱሶሜ» የተባለው የንባብ ፕሮግራም ይህንኑ መንገድ ያዘ። ባለሙያው ታብሌቱን ይዞ ክፍል ይገባል፣ መምህሩ ሲያስተምር ያያል፣ ጥቂት ልጆችን ያስነብባል፣ ከዚያ ከመምህሩ ጋር ቁጭ ብሎ ይወያያል። በታብሌቱ ምክንያት ባለሙያው ክፍል መግባቱም ይታወቃል፤ ይህ ከሁሉም የሚበልጥ ጥቅሙ ይመስላል።

ተራ ስልክ በኮቪድ ዘመን

ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶቿን መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ስትዘጋ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ቤት ዋለ። ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተሰጠ፤ በከተማ መምህራን የጥያቄ ወረቀትና መጽሐፍ በቴሌግራም ላኩ። ስማርት ስልክም መብራትም የሌለበት የገጠር ቤት ግን ከሁሉም ተቆረጠ።

በዚያው ጊዜ ቦትስዋና ውስጥ 4,500 ገደማ ቤተሰቦችን ያሳተፈ ሙከራ ተደረገ። አንዳንዶቹ በየሳምንቱ የሒሳብ ጥያቄ በኤስኤምኤስ ይደርሳቸው ነበር፤ ሌሎቹ ከኤስኤምኤሱ ሌላ መምህር በተራ ስልክ ደውሎ ከወላጅና ከልጅ ጋር ሃያ ደቂቃ ያህል ጥያቄውን አብሮ ይሠራል። ከእነዚህ ሌላ ምንም ያልተላከላቸው ማነጻጸሪያ ቤተሰቦችም ነበሩ። መልእክቱ ብቻውን ያመጣው የጎላ ለውጥ አልነበረም፤ የስልክ ጥሪ የተጨመረላቸው ልጆች ግን በግልጽ ተሻሉ። ያው ጥያቄ ነው፤ የተለየው በወዲያኛው ጫፍ «እዚህ ጋ አልገባኝም» ሲባል የሚሰማና የሚያብራራ ሰው መኖሩ ነው።

ያለ ኢንተርኔት

ኢንተርኔት የሌለው ትምህርት ቤት ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ሊኖረው ይችላል። ኪዊክስ የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ዊኪፒዲያን በሙሉ በፍላሽ ወይም በሃርድ ዲስክ አስቀምጦ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል። ኮሊብሪ ደግሞ የቪዲዮ ትምህርቶችንና መልመጃዎችን በአንድ ኮምፒውተር ላይ ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. በ2012 ለገበያ የቀረበው፣ መጠኑ ከመታወቂያ ካርድ ብዙም የማይበልጠው ራስፕበሪ ፓይ እነዚህን ጭኖ የራሱን ዋይፋይ ሲለቅ፣ በዙሪያው ያለ ስልክ ሁሉ አንድ ብር የዳታ ሳያወጣ ይጠቀማል። ከባዱ ሥራ ከተገጠመ በኋላ ይመጣል፤ ከሺዎቹ ቪዲዮዎች መካከል ለሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ምዕራፍ ሦስት የሚሆኑትን ሁለቱን መርጦ፣ ከመማሪያ መጽሐፉ ገጽ ጋር አዛምዶ በዝርዝር የሚጽፍ መምህር ያስፈልጋል። ይህ ዝርዝር ከሌለ ሳጥኑ ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ አቧራ ይጠጣል።

አንድ ስልክ ብቻ ላለው መምህርም የሚሠራ ዘዴ አለ። ለሰባ ተማሪ የስልክ ስክሪን ምንም አያሳይም፤ ድምፁ ግን ይደርሳል፣ ስልኩ ባዶ ሸክላ ወይም ብረት ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ይጎላል። ምስል ካስፈለገ መምህሩ ምስሉን ቀድሞ አይቶ በካርቶን ላይ በትልቁ ይሥለዋል፤ ይህ በየትምህርት ቤቱ የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል የቆየ ልማድ ነው። ተማሪዎች በቡድን ሆነው መልሱን በወረቀት ይጽፋሉ፣ ከዚያ ድምፁ ይቀጥላል። መብራት ቢሄድ ባትሪም ቢያልቅ ጥያቄው ካርቶኑ ላይ አለና ክፍለ ጊዜው አይቋረጥም።

የግዢ በጀት ሲያዝ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የመሣሪያዎቹ የዕድሜ ልዩነት ነው። ጥሩ የሶላር ፓኔል 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል፤ ከሥሩ የሚቀመጠው የእርሳስ አሲድ ባትሪ ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይደክማል፣ በተለይ እስኪያልቅ ድረስ ደጋግሞ ሲጨረስ። ስለዚህ የባትሪው መለወጫ ገንዘብ ከመሣሪያው ጋር አብሮ መያዝ አለበት፤ መሣሪያው የሚቀመጥበት ክፍል ቁልፍም ከአንድ ሰው በላይ እጅ መኖር አለበት፣ አንዱ የቀረ ዕለት ክፍሉ እንደተቆለፈ እንዳይቀር።