የቤት መግቢያ ደረጃን ማስተካከል፦ ሕመምተኛና አረጋዊ እንዳይወድቅ

ባጭሩ

- የደጃፍ ደረጃ ከፍታው እኩል ካልሆነ፣ ከረጠበ ወይም መደገፊያ ከሌለው ለመውደቅ ያጋልጣል።
- ጥሩ ደረጃ ከ15 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ከፍታና ቢያንስ 28 ሴንቲ ሜትር የመርገጫ ስፋት አለው።
- ከሁሉ በፊት የሚሠራው በግራና በቀኝ የሚያዝ ጠንካራ መደገፊያ ነው።
- ወድቆ መቆም ያቃተውን ሰው አያሹት፤ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ለምን ትኩረት ያስፈልገዋል?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ዙሪያ በየዓመቱ ወደ 684,000 የሚጠጉ ሰዎች በመውደቅ ምክንያት ይሞታሉ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ናቸው። ከሞት የተረፈውም ቢሆን ብዙ ጊዜ እንደ ቀድሞው አይሆንም። የዳሌ አጥንቷ የተሰበረ እናት ለሳምንታት አልጋ ላይ ስትቆይ የሳንባ ምች፣ የአልጋ ቁስልና በእግር ሥር የደም መርጋት ሊያጋጥማት ይችላል። አንዴ የወደቀ ሰው ደግሞ ፈርቶ ከቤት መውጣት ያቆማል፤ ጡንቻው ይደክማል፤ በዚህም የመውደቅ ዕድሉ ይጨምራል።

ቤተሰብ ለመድኃኒትና ለምግብ ሲጨነቅ ደጃፉን ይረሳዋል። ስትሮክ ታሞ ከሆስፒታል የወጣ አባት ግን ወደ ቤቱ ሲመለስ መጀመሪያ የሚገጥመው ያ ደረጃ ነው።

በአሰላና በአርሲ ደጋማ አካባቢ

አሰላ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በቆጂን የመሳሰሉት ከተሞች ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላሉ። በአካባቢው የደጃፍ ደረጃን አደገኛ የሚያደርጉ ነገሮች የታወቁ ናቸው።

- *ዝናብና ጭቃ፦* ከሰኔ እስከ መስከረም ጫማ ሁሉ ጭቃ ይዞ ይገባል። ጥላ ውስጥ ያለ ሲሚንቶ አረንጓዴ ሻጋታ ያወጣል፤ ሻጋታው ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል።
- *ተዳፋት መሬት፦* ጎርፍ እንዳይገባ ቤቱ በመሠረት ከፍ ተደርጎ ስለሚሠራ በሩ ከመሬት ይርቃል። አንዳንዱ ቤት ለዚህ ያለው አንድ ወይም ሁለት ረጃጅም ድንጋይ ብቻ ነው።
- *ውጭ ያለ መጸዳጃ ቤት፦* ሽማግሌው በሌሊት፣ በብርድና በጨለማ፣ አንዳንዴም መብራት ጠፍቶ፣ ደረጃውን ይወርዳሉ።
- *ቄጠማ፦* ለበዓልና ለቡና የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ደረጃ ላይ ከተበተነ ያንሸራትታል። ከቤት ውስጥ አያውጡት።

ይበልጥ የሚጋለጡት እነማን ናቸው?

- ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ፣ በተለይም ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ የወደቁ
- ስትሮክ ታመው አንድ ጎናቸው የደከመ
- የጉልበት ወይም የዳሌ ሕመም ያለባቸው፣ ስብራት ታክመው በክራንች የሚሄዱ
- የስኳር ሕመም እግራቸውን ያደነዘዘባቸው
- የዓይን ሞራ ያለባቸው ወይም በትራኮማ ምክንያት ዕይታቸው የቀነሰ
- የደም ግፊት ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት የሚወስዱና ሲነሡ የሚያዞራቸው
- በእርግዝና የመጨረሻ ወራት ላይ ያሉና ሆዳቸው እግራቸውን የሚጋርድባቸው

ደረጃዎን እንዴት ይመረምራሉ?

ሜትር ይያዙና የሚከተሉትን ይለኩ።

1. *ከፍታ፦* እያንዳንዱ ደረጃ ከ15 እስከ 18 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ከ20 በላይ ከሆነ ለታመመ ጉልበት ይከብዳል።
2. *እኩልነት፦* በደረጃዎቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። እግር የመጀመሪያውን ደረጃ ለክቶ ቀጣዩንም እንደዚያው ይጠብቃል፤ አንዱ ከፍ ሲል ጣት ይደናቀፋል፣ ዝቅ ሲል ሰውነት ሚዛኑን ይስታል።
3. *የመርገጫ ስፋት፦* ቢያንስ 28፣ ቢቻል 30 ሴንቲ ሜትር። ሙሉ እግር ማረፍ አለበት።
4. *በሩ ፊት ያለው ሜዳ፦* ሰው ቆሞ በሩን የሚከፍትበት፣ ቢያንስ 1 ሜትር ከ20 ጥልቀት ያለው ደልዳላ ቦታ ይኑር። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ ይህ በጣም ያስፈልጋል፤ አለዚያ በሩን ለማሳለፍ ሰውየው ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ከደረጃው ይወድቃል።
5. *ጥንካሬ፦* በእግርዎ ገፋ ያድርጉት። የሚነቃነቅ ድንጋይ ወይም ብሎኬት ካለ ዛሬውኑ ያስተካክሉት።

ምሳሌ

በሩ ከመሬት 48 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ መውጫው ሁለት ድንጋይ ብቻ ከሆነ አንዱ እርምጃ 24 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ ለጤነኛም ከፍ ያለ ነው። በሦስት ሲካፈል እያንዳንዱ 16 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ማለትም ሁለት መርገጫ ይሠራና ሦስተኛው እርምጃ በሩ ፊት ባለው ሜዳ ላይ ያርፋል። ለመርገጫዎቹ 60፣ ለሜዳው 120፣ በድምሩ 1 ሜትር ከ80 ሴንቲ ሜትር ያህል ቦታ ያስፈልጋል።

ሥራው እንዴት ይሠራል?

ለግንበኛው ልኩን በወረቀት ጽፈው ይስጡት። «ትንሽ ዝቅ አድርገው» ማለት አይበቃም።

- ደረጃው ለስላሳ ጭቃ ላይ እንዳያርፍ አፈሩ ተቆፍሮ ድንጋይ ይደልደል። አለዚያ በክረምት ይሰምጥና ከፍታው ይዛባል።
- የእያንዳንዱ መርገጫ ፊት ውኃ እንዳይቋጥር በጣም ትንሽ ወደ ውጭ ያዘንብል፤ በሜትር 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይበቃል። በጎን በኩል ግን በውኃ ልክ ይስተካከል።
- ልስኑ አይለስልስ። ሲሚንቶው ሳይደርቅ በመጥረጊያ አግድም ይቧጠጥ። የሚያብረቀርቅ ሴራሚክ ውጭ ላይ አያስነጥፉ።
- አዲስ ሲሚንቶ ቢያንስ ለ7 ቀናት ውኃ ይጠጣ። እስከዚያ ሕመምተኛው የሚገባበት ሌላ በር ይዘጋጅ፤ ከሆስፒታል የሚወጣበት ቀን ከታወቀ ሥራው ቀድሞ ይጀመር።
- የእያንዳንዱ መርገጫ ጠርዝ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ነጭ ወይም ቢጫ ቀለም ይቀባ። ዓይናቸው የደከመ ሰዎች ደረጃው የት እንደሚያልቅ የሚለዩት በዚህ ነው።
- የጣሪያው ውኃ ደረጃው ላይ እንዳይወርድ አሸንዳ ይሠራ ወይም ቦይ ይቆፈር። ከታች ጠጠር ይፍሰስ፤ የጭቃ መፋቂያ ብረትም ይተከል።

መደገፊያ፦ ቀዳሚው ሥራ

ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ መደገፊያውን ያስቀድሙ።

- ከመርገጫው ጠርዝ ከ85 እስከ 95 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይሁን።
- ክብ ሆኖ እጅ ሙሉ በሙሉ የሚጨብጠው፣ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ይሁን። የውኃ ቧንቧ በበያጅ ቢሠራ ይስማማል። በደንብ የተላጠና የለሰለሰ ባሕር ዛፍም ያገለግላል፤ አፈር ውስጥ የሚገባው ጫፉ ግን ስለሚበሰብስ በየዓመቱ ይፈተሽ።
- ከግድግዳ ጋር የሚታሰር ከሆነ ለጣት 5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተውለት።
- ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ደረጃ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል አልፎ ይሂድ።
- ምሰሶው ግማሽ ሜትር ያህል ተቆፍሮ በሲሚንቶ ይተከል። ጎልማሳ ሰው በሙሉ ክብደቱ ስቦት መነቃነቅ የለበትም።

ለምን በሁለቱም በኩል? ቀኝ እጃቸው የደከመ ሰው በግራ እጃቸው ይዘው ይወጣሉ። ሲወርዱ ፊታቸው ስለሚዞር ያ መደገፊያ በደከመው እጅ በኩል ይሆናል። በአንድ በኩል ብቻ ከተሠራ ወጥተው መውረድ ይቸግራቸዋል።

ለጊዜው በአነስተኛ ወጪ

- ረጅሙን ደረጃ ለሁለት የሚከፍል፣ ሙሉ እግር የሚያሳርፍና የማይነቃነቅ የእንጨት መድረክ ያሠሩ። በዎከር ለሚሄድ ሰው ጥልቀቱ ከ50 ሴንቲ ሜትር አያንስ።
- ደረጃው ላይ ጀሪካን፣ ማገዶ፣ ጫማና ዕቃ አያስቀምጡ።
- ለሌሊት በፀሐይ የሚሠራ መብራት ወይም ባትሪ አልጋው አጠገብ ይኑር። ከተቻለ ሕመምተኛው በሌሊት እንዳይወጡ ፖፖ ያዘጋጁ።
- ነጠላ ጫማ ሳይሆን ተረከዝ የሚይዝ፣ ሶሉ ያላለቀ ጫማ ያድርጉ። ጋቢና ረጅም ቀሚስ ከመውጣት በፊት ይሰብሰብ።

በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ

ደረጃ የሌለው ተዳፋት መንገድ ያስፈልጋል። ልኩ ለ1 ከፍታ 12 ርዝመት ነው፤ ለ48 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ወደ 6 ሜትር የሚጠጋ ማለት ነው። አጭርና ቁልቁል የሆነ መንገድ ወንበሩን ስለሚገለብጥ ከደረጃው የባሰ አደጋ አለው። ቦታ ከሌለ በሁለት ሰው እየታገዙ ደረጃውን መጠቀም ይሻላል። ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ መግቢያ እንዲኖራቸው በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ደንግጎ ነበር።

አወጣጥና አወራረድ

- *ሲወጡ፦* ጤነኛው እግር ይቅደም፤ ከዚያ የታመመው እግርና ምርኩዙ።
- *ሲወርዱ፦* ምርኩዙና የታመመው እግር ይቅደሙ፤ ጤነኛው ይከተል።
- በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ሁለቱም እግሮች ይገናኙ።
- *አጋዡ ሰው፦* ሕመምተኛው ሲወጡ ከኋላ፣ ሲወርዱ ከፊት፣ በደከመው ጎን በኩል ይቁም። ወገባቸው ላይ በጠንካራ መቀነት አስሮ መቀነቱን ይያዝ። በስትሮክ የደከመን ክንድ መጎተት ትከሻን ስለሚያወልቅ ክልክል ነው።

ወደ ባጃጅ፣ ሚኒባስና ጋሪ ሲወጡ

ለቀጠሮ ወደ ሆስፒታል ሲሄዱም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሚኒባስ ጋቢና ከሆነ መጀመሪያ ጀርባን ሰጥቶ መቀመጥ፣ ከዚያ ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ ማስገባት ይቀላል። መውጫው ከፍ ካለ ጠንካራ የእንጨት ሳጥን ይዘው ይሂዱ፤ ጀሪካን ወይም በርጩማ ይገለበጣል። በጋሪ ከሆነ ሕመምተኛው ተቀምጠው እስኪደላደሉ ባለጋሪው ልጓሙን ይያዝ። ሹፌሩ እንዲታገሥ አስቀድመው ይንገሩት፤ አብዛኛው ሰው ሲነገረው ይረዳል።

ሰው ቢወድቅስ?

ወዲያው ጎትተው አያንሡት። ያናግሩት፤ የት እንዳመመው ይጠይቁ። የሚከተሉት ካሉ አምቡላንስ ይጥሩ ወይም አስተኝተው ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

- እግሩን መርገጥ ካልቻለ፣ አንዱ እግር አጥሮ ወይም ወደ ውጭ ዞሮ ከታየ
- ጭንቅላቱ ተመትቶ ካስታወከ፣ ከደነገዘ ወይም እንቅልፍ ከበዛበት
- እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጭንቅላቱ ከተመታ፣ ደህና ቢመስልም
- ከመውደቁ በፊት ራሱን ከሳተ፣ አፉ ከተጣመመ ወይም አንድ ጎኑ ከደከመ

ስብራት በተጠረጠረ ጊዜ መታሸት የተሰበረውን አጥንት ያንቀሳቅሳል። አጥብቆ መታሰር ደግሞ ደም እንዳይዘዋወር ያደርጋል፤ በዚህ ምክንያት እጅና እግር እስከ መቆረጥ ይደርሳል። አስቀድሞ በወጌሻ የታሰረ ከሆነና ጣቶቹ ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ ከበረታ እስራቱን አላልተው ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ሐኪምዎን ይጠይቁ

በአሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታልም ሆነ በሌላ ሆስፒታል ተኝተው የሚታከሙ ከሆነ፣ ከመውጣትዎ በፊት ቤተሰቡ የደረጃውን ብዛትና ከፍታ ለክቶ ለሐኪሙ ወይም ለፊዚዮቴራፒስቱ ይንገር። እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦

- በዚህ ደረጃ ብቻዬን መውጣት እችላለሁ? ከመውጣቴ በፊት እዚህ ልለማመድ?
- የታመመው እግሬ ምን ያህል ክብደት መሸከም ይፈቀድለታል?
- ከመድኃኒቶቼ ውስጥ የሚያዞር አለ?
- የደም ግፊቴ ተኝቼና ቆሜ ይለካልኝ?

በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የወደቀ ሰው ባይጎዳም መመርመር አለበት። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ ይዞ ይምጣ። ደረጃው ከተስተካከለ በኋላም ክረምት ከመግባቱ በፊት በየዓመቱ በግንቦት ይፈተሽ፦ መደገፊያው መላላቱ፣ ጠርዙ መሸራረፉ፣ ቀለሙ መልቀቁ ይታይ።