ሲኒማ፣ ከተማና መሐንዲስ፦ ከካዛንቺስ ታሪክ ጎን ለጎን የሚታዩ አራት የውጭ ፊልሞች

የአንድ ከተማ ታሪክ የሚጻፈው በድንጋይና በሲሚንቶ ብቻ አይደለም፤ በሰፈሮቹም ስሞች ጭምር ነው። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚኖር ሰው «ከለገሃር ወደ ካዛንቺስ እሄዳለሁ» ሲል ልብ ሳይለው ሁለት የአውሮፓ ቋንቋዎችን መናገሩ ነው። ለገሃር «ላ ጋር» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን የባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ካዛንቺስ ደግሞ «ካዜ ኢንቺስ» ከሚለው ጣሊያንኛ የተወረሰ ነው፤ ኢንቺስ ለኢጣሊያ የመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤቶችን ያሠራ የነበረው ብሔራዊ ድርጅት አሕጽሮተ ስም ነው። ድርጅቱ በወረራው ዘመን ለቅኝ ገዥው አስተዳደር ሠራተኞች ቤት የሠራበት ስፍራ፣ ነዋሪዎቹ አገር ለቀው ከሄዱም በኋላ ስሙን እንደያዘ ቀረ።

የመጽሔታችን አዘጋጆች ለሙያ ባልደረቦች ሊታዩ የሚገባቸውን የውጭ ቋንቋ ፊልሞች እንድጠቁም በጠየቁኝ ጊዜ ምርጫውን ከዚህ ሰፈር ታሪክ ጋር ለማያያዝ ወሰንኩ። መልካም ፊልም በዓለም ላይ ብዙ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የማቀርባቸው አራቱ ግን በጣሊያንኛ፣ በጃፓንኛና በወሎፍ ቋንቋዎች ተሠርተው ሳለ ስለ እኛ ሙያ የሚናገሩ ናቸው። ቤት ከሥራ ቦታ ምን ያህል ይራቅ? የመሬት ዋጋ በማን ገንዘብ ያድጋል? አቤቱታ ይዞ የመጣን ሰው ስንት ቢሮ ያንከራትተዋል? እነዚህ ጥያቄዎች በአማርኛም ሆነ በጃፓንኛ ቢጠየቁ ክብደታቸው አንድ ነው።

ወደ ፊልሞቹ ከመግባታችን በፊት ሲኒማ ራሱ ወደ ከተማችን የገባበትን መንገድ ባጭሩ መመልከት ይገባል። ሲኒማ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። ሕዝቡ በግድግዳ ላይ የሚንቀሳቀስ ምስል ባየ ጊዜ በመደነቁና በመጠራጠሩ፣ በዛሬው ቴዎድሮስ አደባባይ አጠገብ የነበረውን የመጀመሪያ ማሳያ ቤት «ሰይጣን ቤት» ብሎ ሰየመው። በወረራው ዘመን ኢጣሊያኖች የሲኒማ አዳራሾችን ሠሩ፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ የወጣው የከተማ ፕላን የነጮችን ሰፈርና «የአገሬውን» ሰፈር ለይቶ የሚከልል ስለነበረ፣ መዝናኛውም እንደ መኖሪያው በዘር የተከፋፈለ ነበር። በኋላም በዚያው ዘመን ለሲኒማ አዳራሽነት የተጀመረው ሕንፃ ተሟልቶ በ1948 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተከፈተ፤ ይኸውም የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ነው።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በሲኒማ ኢትዮጵያ፣ በሲኒማ ኢምፓየር፣ በአምባሳደርና በሌሎቹም አዳራሾች የአዲስ አበባ ተመልካች የአሜሪካንን፣ የኢጣሊያንና የሕንድን ፊልሞች አየ። በተለይ የሕንድ ፊልም ተመልካች ሕንድኛ የማያውቅ ሆኖ ሳለ ታሪኩን ከዜማው፣ ከፊቱና ከእንባው እየተረዳ አብሮ ያለቅስ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ሲኒማ ቤቶች በመንግሥት ከተወረሱ በኋላ ደግሞ የሶቭየት ኅብረትና የሌሎች ሶሻሊስት አገሮች ፊልሞች ተጨመሩ። ቀጥሎም የቪዲዮ ቤቶች ዘመን መጣ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ማቅረብ ሲጀምር፣ ባዕዱ ተዋናይ ጭራሽ በእኛው አንደበት ይናገር ጀመር። ስለዚህ የውጭ ቋንቋ ፊልም ማየት ለከተማችን ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ አዲስ ሊሆን የሚችለው በሙያ ዓይን ማየቱ ነው።

የመጀመሪያው ፊልም ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1948 ያዘጋጀው «የብስክሌት ሌቦች» ነው። ብዙዎች ታሪኩን የሚያውቁት ስለ ድህነት የሚናገር ነው ብለው ነው፤ እውነትም ነው። መሐንዲስ ግን ከመነሻው አንድ ሌላ ነገር ማስተዋል ይገባዋል። ባለታሪኩ አንቶኒዮ የሚኖረው ከሮም ዳር በተሠራ ቫል ሜላይና በተባለ የሕዝብ መኖሪያ ቤቶች ሰፈር ነው። ሕንፃዎቹ ረጃጅም ናቸው፤ ሚስቱ ግን ውኃ የምትቀዳው ከደጅ በባልዲ ነው። ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ሲያገኝ ብስክሌት የግድ ይሆንበታል፤ ሚስቱም በመያዣነት የተያዘውን ብስክሌት ለማስለቀቅ የመኝታ አንሶላዎቿን ታስይዛለች። ብስክሌቱ ግን በሥራው የመጀመሪያ ቀን ይሰረቃል። እንግዲህ የዚህ ሰው መከራ በሌባው ብቻ የመጣ አይደለም። ቤትን ከሥራ አርቆ የሠራ፣ ውኃና መጓጓዣን ግን ያልሠራ ፕላን አንድን ቤተሰብ በአንዲት ብስክሌት ላይ አንጠልጥሎታል። ካዛንቺስን የሠራው ያው የኢጣሊያ መንግሥት በገዛ ዋና ከተማው ዳር ለድሃው ምን ዓይነት ሰፈር ትቶ እንደ ሄደ ይህ ፊልም ያሳየናል።

ሁለተኛው ፍራንቼስኮ ሮዚ እ.ኤ.አ. በ1963 የሠራውና በዚያው ዓመት በቬኒስ የወርቅ አንበሳ የተሸለመው «እጆች በከተማይቱ ላይ» ነው። ስፍራው ናፖሊ ነው። ፊልሙ ሲከፈት ኖቶላ የተባለው ሥራ ተቋራጭና የማዘጋጃ ቤት ምክር ቤት አባል በባዶ መሬት ላይ ቆሞ ለባልደረቦቹ ስሌት ያስረዳል፤ ዛሬ በርካሽ የሚገዛ የእርሻ መሬት ማዘጋጃ ቤቱ መንገድ፣ ውኃና የፍሳሽ መውረጃ ባስገባለት ማግስት ዋጋው ብዙ እጥፍ ይሆናል። ወዲያውም በኖቶላ ግንባታ አጠገብ ያለ አሮጌ መኖሪያ ቤት ተደርምሶ ሰው ይሞታል፤ አንድ ሕፃንም አካለ ጎደሎ ይሆናል። መርማሪ ኮሚቴ ይቋቋማል፤ ከቢሮ ወደ ቢሮ ይሄዳል፤ እያንዳንዱ ኃላፊ መዝገቡን ያወጣል፤ ወረቀቱም ሁሉ የተሟላ ሆኖ ይገኛል። እዚህ ላይ ነው የሙያችን ሰው ሊደነግጥ የሚገባው። ፊርማ፣ ማኅተምና ፈቃድ ሁሉ በሥርዓት ተሟልተው ሳለ ሕንፃው ወድቋል። የሕግ ወረቀት መሟላትና የመሐንዲስ ኅሊና መሟላት አንድ አለመሆኑን ከዚህ ይበልጥ ግልጽ አድርጎ ያሳየ ፊልም አላየሁም። በፊልሙ ውስጥ ለእውነት የሚሟገተውን የምክር ቤት አባል ሆኖ የሠራውም በእውን የናፖሊ ምክር ቤት አባል የነበረው ካርሎ ፌርማሪዬሎ ነው።

ሦስተኛው የጃፓናዊው አኪራ ኩሮሳዋ ሥራ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው «ኢኪሩ»፣ ማለትም «መኖር» ነው። ዋታናቤ በማዘጋጃ ቤት ሠላሳ ዓመት ያህል ወረቀት ላይ ማኅተም ሲመታ የኖረ የክፍል ኃላፊ ነው። አንድ ቀን የጨጓራ ነቀርሳ እንደያዘውና የቀረው ጊዜ ጥቂት ወራት መሆኑን ይረዳል። ከዚህ አስቀድሞ የአንድ ድሃ ሰፈር እናቶች የሚሸት ረግረግ ውኃ ተደፍኖ የልጆች መጫወቻ እንዲሠራላቸው ለማመልከት መጥተው፣ ከክፍል ወደ ክፍል ሲመላለሱ ውለው በመጨረሻ ወደ ተነሡበት መስኮት እንዲመለሱ ተደርገው ነበር። ዋታናቤ ያችን የተረሳች ማመልከቻ ከመዝገብ ቤት አውጥቶ በቀረችው ዕድሜው እየተዋረደና እየለመነ መጫወቻውን ያሠራል፤ ከሠራውም በኋላ በዚያው ስፍራ በበረዶ ሌሊት በዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ ይሞታል። የፊልሙ ኋለኛ ክፍል በለቅሶው ቤት የሚካሄድ ነው። የበላዮቹ የሥራውን ምስጋና ለራሳቸው ይወስዳሉ፤ የበታቾቹ ጠጥተው «ከእንግዲህ እንደ እርሱ እንሠራለን» ብለው ይምላሉ፤ በማግስቱ ግን ሁሉም ወደ ቀድሞው ልማዱ ይመለሳል። በመሥሪያ ቤት ያገለገለ ኢትዮጵያዊ ይህን ክፍል ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም።

አራተኛውን ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን እ.ኤ.አ. በ1968 አዘጋጀው፤ ስሙም «ማንዳቢ» ነው፣ በእኛ ቋንቋ ሐዋላው። ሴምቤን መጻሕፍቱን በፈረንሳይኛ ይጽፍ የነበረ ደራሲ ሲሆን፣ አብዛኛው ወገኑ ሊያነባቸው እንደማይችል በተገነዘበ ጊዜ ወደ ሲኒማ ዞረ፤ በዚህም ፊልም ሰዎቹን በወሎፍ አናገራቸው። ኢብራሂማ ዲየንግ ፓሪስ ከሚገኝ የዘመድ ልጅ የ25,000 ፍራንክ ሐዋላ ይላክለታል። ገንዘቡን ለመቀበል መታወቂያ፣ ለመታወቂያው የልደት ምስክር ወረቀትና ፎቶግራፍ፣ ለእያንዳንዱም ሌላ ገንዘብና ሌላ ምልልስ ይጠየቃል። በመጨረሻም የተማረ ዘመዱ «እኔ ልቀበልልህ» ብሎ ውክልና ያስፈርመውና ገንዘቡን ይበላበታል። ነጻ የወጣች አፍሪካ ለገዛ ዜጋዋ ምን ዓይነት ቢሮ እንደ ሠራች የሚጠይቅ ፊልም ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተበት የአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው ካዛንቺስ ስለሆነ፣ ይህ ጥያቄ ከሁሉ አስቀድሞ በዚህ ሰፈር ሊሰማ ይገባዋል።

አራቱን ፊልሞች ከሰፈሩ ታሪክ ጋር ማያያዜ ያለ ምክንያት አይደለም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በአርቱሮ ሜዜዲሚ ንድፍ የተሠራውና በአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስተዋት የተዋበው የአፍሪካ አዳራሽ ታድሶ እንደገና ተከፈተ። ለዚህ ሕንፃ ዕድሳት የተደረገው ጥንቃቄ ለሙያችን የሚያኮራ ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ ከአዳራሹ ብዙም ሳይርቅ በኮሪደር ልማት ሥራ ሰፊው የካዛንቺስ ክፍል ፈረሰ፤ ብዙ ነዋሪዎችም ወደ ከተማይቱ ዳርቻ ተዛወሩ። ያረጁ ቤቶች መቀየራቸውን፣ መንገድና የፍሳሽ መውረጃ መሻሻላቸውን የሚቃወም መሐንዲስ አይገኝም። ይሁን እንጂ ያ ሰፈር ቤት ብቻ አልነበረም። ጉልት የምትቸረችረው እናት ደንበኞቿን፣ ጥበቃው በእግሩ የሚደርስበትን ሥራ፣ ዕድርተኛው ቀባሪዎቹን የሚያገኘው እዚያው ነበር። ይህን ሁሉ በሂሳባችን ውስጥ በየትኛው ዓምድ አሰፈርነው? የብረትና የሲሚንቶ መጠን ሲሰላ የአንቶኒዮ ብስክሌት የት ገባ?

አንዳንድ ባልደረቦች ፊልም ለመዝናኛ እንጂ ለሙያ ትምህርት አይሆንም ይሉ ይሆናል። መልሱ ቀላል ነው። የአፈር ምርመራ መሬቱ ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም ይነግረናል፤ ሰው ምን ያህል እንደሚሸከም ግን አይነግረንም። ይህን የምንረዳው ሰውን ረጋ ብለን በማየት ነው፤ መልካም ፊልም ደግሞ ረጋ ብለን እንድናይ ያስገድደናል። ስለዚህም እነዚህን ፊልሞች በድምፅ ትርጉም ሳይሆን በግርጌ ጽሑፍ እንድትመለከቷቸው እመክራለሁ። የሰው ድምፅ በራሱ ቋንቋ ሲሰማ ልመናውና ቁጣው ሳይለዝብ ይደርሰናልና። ባዕዳንም የእኛን ቋንቋ በዚሁ መንገድ ሰምተዋል፤ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ሲያገኝ አማርኛ የማያውቁ ዳኞች የግርጌ ጽሑፍ እያነበቡ የሰው ድምፅ ያዳምጡ ነበር።

ከዚህ በመነሣት ለማኅበራችን አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በዓመት አራት ምሽቶች እነዚህ አራት ፊልሞች በአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ለአባላት ይታዩ፤ በእያንዳንዱም ምሽት አንድ በሥራ ላይ ያለ ፕሮጀክት ከፊልሙ ጋር ለውይይት ይቅረብ። ውይይቱም በእኛ መካከል ብቻ እንዳይቀር ከካዛንቺስ ተነሥተው ዳር ከተማ የገቡ ነዋሪዎች ተጋብዘው ከፊት ወንበር ይቀመጡ፤ ከቤታቸው እስከ ሥራቸው ያለውን መንገድ በኪሎ ሜትር፣ በሰዓትና በብር ቆጥረው ይንገሩን። ያን ቁጥር እያንዳንዳችን በማግሥቱ በምንነድፈው ፕላን ላይ ካላሰፈርነው፣ እኛም ከዋታናቤ ለቅሶ ቤት ምለው ከወጡት ጸሐፊዎች የምንለይበት ነገር አይኖርም።