የአንድ ጠቅታ ዋጋ፦ ከወረታ መገንጠያ እስከ ጎግል ጨረታ

ወረታ የመገንጠያ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ጎንደር የሚወስደው መንገድና ቻይናውያን የሠሩት፣ በደብረ ታቦር አድርጎ ወልድያ የሚገባው መንገድ እዚህ ይገናኛሉ። የፎገራ ሜዳ ሩዝ፣ ሽንኩርትና ከብትም የሚወጣው በዚሁ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የኖረን ነጋዴ ማስታወቂያ ምን እንደሆነ ማንም አያስተምረውም። የሩዝ መፈልፈያ ያለው ሰው ሩዝ የጫነውን ገበሬ ይጣራል፤ በሬ ሊሸጥ የመጣውን ግን አያደክመውም። ደላላም ገዢና ሻጭ ካላገናኘ፣ ቀኑን ሙሉ ቢጮህ የሚከፍለው የለም።

ኢንተርኔት ይህችን የደላላ ጥበብ እስኪማር ዓመታት ፈጅቶበታል።

ከመጀመሪያዎቹ የድረ ገጽ ማስታወቂያዎች አንዱ፣ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1994 ሆትዋየርድ በተባለ ገጽ ላይ ያስወጣው ነው። አሠራሩ ከጋዜጣ ብዙም አይለይም፤ ነጋዴው ቦታውን ይገዛል፣ ያየ ሁሉ ያያል። አዲስ ነገር ስለነበር ብዙ ሰው ነካው። አዲስነቱ ሲያልፍ ግን አንባቢው ዐይቶ እንዳላየ ማለፍ ጀመረ።

እ.ኤ.አ. በ1998 ቢል ግሮስ የተባለ አሜሪካዊ ጎቱ ዶት ኮም በተባለው የመፈለጊያ ገጹ ላይ ጨረታ አመጣ። ነጋዴው ለአንድ ቃል ዋጋ ይሰጣል፤ ያንን ቃል የፈለገ ሰው ማስታወቂያውን ሲነካ ብቻ ይከፍላል። ብዙ የሰጠ ከላይ ይቀመጣል። ክፍተቱ፣ ገንዘብ ያለው ሁሉ አንባቢው የማይፈልገውንም ነገር ከላይ መስቀል መቻሉ ነበር።

ጎግል ይህን ያረመው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። ከተጫራቹ ዋጋ ጋር፣ ማስታወቂያውን ስንት ሰው እንደሚነካውም አብሮ ቆጠረ። ስሌቱን ወደ ፎገራ እናምጣው። የሩዝ ዋጋ የሚያነቡ 1000 ሰዎች አሉ እንበል። የቅንጦት መኪና ሻጭ ለአንድ ጠቅታ 20 ብር ይሰጣል፤ የሚነካው ግን 1 ሰው ነው። የውኃ መሳቢያ ሞተር ሻጭ 5 ብር ይሰጣል፤ 30 ሰው ይነካዋል። ከመኪናው 20 ብር፣ ከሞተሩ 150 ብር ተገኘ ማለት ነው። ሞተር ሻጩ ከነዚያ 30 ሰዎች ገበያ ካገኘ ደግሞ፣ በሚቀጥለው 5ቱን 7 ለማድረግ አያመነታም። የጠቅታ ዋጋ የሚያድገው እንዲህ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

በቀጣዩ ዓመት አድሴንስ መጣ። ጎግል የሌሎችን ገጾች ጽሑፍ በማሽን እያነበበ፣ ከጽሑፉ ጋር የሚሄድ ማስታወቂያ እያስገባ፣ ገቢውን ከባለ ገጹ ጋር ይካፈል ጀመር። ከ2009 ወዲህ ደግሞ ከገጹ አልፎ አንባቢው ራሱ ምን ሲያይ እንደሰነበተ መከታተል ጀመረ።

አማርኛ ግን ከገበያው ዳር ቀረ። ለረጅም ዓመታት አድሴንስ ከሚቀበላቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ቢኖርስ? ጨረታ ተጫራች ይፈልጋል። የወረታ ሞተር ሻጭ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ከየት ያመጣል? በዚህ ላይ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፣ የፎገራ አንባቢ ከጨረታው ሜዳ ጭራሽ ጠፋ።

ጉዳቱ ከኪስ አልፎ ብዕር ላይ ደረሰ። ዋሽንግተን ለተቀመጠ አንባቢ የሚጫረቱ ነጋዴዎች ብዙ ናቸው፤ ወረታ ላለው ግን የለም ማለት ይቀላል። ስለዚህ በጠቅታ ለሚኖር የአማርኛ አዘጋጅ የሚያዋጣው ለዋሽንግተኑ መጻፍ ሆነ። ሰበር ዜናና ሐሜት እንጀራ አበላ። ጉማራና ርብ ሞልተው ማሳ ሲውጡ የትኛው የሩዝ ዘር እንደሚሻል፣ ሽንኩርት የት ስንት እንደዋለ የሚጽፍ ሰው ግን ጦሙን አደረ። ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እዚያው ፎገራ እያለ፣ የማዕከሉን ሥራ በቀላል አማርኛ ለገበሬው የሚያደርስ ገጽ ከማስታወቂያ መኖር አልቻለም።

ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2021 ማስታወቂያ ሲጀምር፣ የአንባቢውን የግል መረጃ ትቶ የቻናሉን ቋንቋና ርዕሰ ጉዳይ እንደሚያይ አስታወቀ። ከመጋቢት 2024 መጨረሻ ጀምሮም ቢያንስ 1000 ተከታይ ያላቸው ቻናሎች የማስታወቂያ ገቢውን ግማሽ በቶንኮይን እንዲያገኙ ፈቀደ። ሐሳቡ ለወረታ ደላላ ይቀርባል። ተጫራቹ ግን አሁንም ሩቅ ነው፤ ስለ ሩዝ በሚያወራ ቻናል ግርጌ የክሪፕቶ ማስታወቂያ ቢመጣ ማን ይነካዋል?

ስለዚህ የታሪኩ ትምህርት ወደ መገንጠያው ይመልሳል። ስለ ፎገራ ሩዝ የሚጽፍ፣ 3000 ተከታይ ያለው ቻናል ለጎግል ከቁጥር አይገባም፤ ለሞተር ሻጩና ለመፈልፈያ ባለቤቱ ግን ገበያቸው ነው። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ስላለ ክፍያው በብር፣ በዕለቱ ያልቃል። ሻጩ ቻናሉን አይቶ የደወለለትን ሰው ቆጥሮ ይክፈል፤ ስልክ መደወልም ጠቅታ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይጠበቅ። የተከፈለበት፣ ማስታወቂያ መሆኑ ይጻፍበት። ገበሬ አንድ ጊዜ ካታለለው ደላላ ጋር ሁለተኛ አይነግድም፤ አንባቢም እንደዚያው ነው።