የድማሚት ሥራ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ



በየዓመቱ በዚህች መጽሔት ላይ አንዳችን ስለ ሙያችን እንድንጽፍ ልማድ ሆኗል። ዘንድሮ ተራው የኔ መሆኑን የእድራችን ጸሐፊ ሲነግሩኝ፣ «ኧረ እኔ ምን እውቀት አለኝና!» ብዬ ነበር። እሳቸው ግን፣ «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ስታፈነዳ ኖረህ የምትለው ጠፋህ?» ቢሉኝ እሺ አልኩ። ስለዚህ ያነበብኩትንና በዓይኔ ያየሁትን አጣምሬ አቀርባለሁ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌአለሁ፤ ዓ.ም. ያልኩት ብቻ በኛ ነው።

ድማሚት ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ጦርነት ነው። ነገር ግን የምንሄድበት መንገድ፣ ቤታችን የቆመበት የካባ ድንጋይ፣ ጠጠሩም ቢሆን አብዛኛው ከተራራ የተላቀቀው በድማሚት ነው። ወደ ደሴ የሄደ ሰው ሁሉ የጣርማበርን ዋሻ ያውቀዋል። በ1930ዎቹ መጨረሻ ጣሊያኖች ሲያሠሩት ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ተራራ ተበስቷል። የሊማሊሞም ጠመዝማዛ መንገድ የዚያው ዘመን ሥራ ነው። መንገደኛው ግን ገደሉን አይቶ ያማትባል እንጂ ገደሉን የጠረበውን ሰው አያስብም።

የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት የሠሩት አባቶቻችን ድማሚት አልነበራቸውም። አለቱን በመሣሪያ እየጠረቡ፣ በትዕግሥት ነው ያወጡት። በአውሮፓም የማዕድን ቆፋሪዎች ድንጋዩን በእሳት ያግሉትና ውሃ ይደፉበት ነበር፤ ሲሰነጠቅ በድጅኖ ይፈለቅቁታል። ባሩድ ለጦርነት ሲያገለግል ኖሮ፣ በፌብሩዋሪ 8 ቀን 1627 ካስፓር ቫይንድል የሚባል ሰው ዛሬ ስሎቫኪያ በምትባለው አገር፣ ሸምኒትስ በምትባል የማዕድን ከተማ ድንጋይ ቀድቶ ባሩድ ከተተና አፈነዳ። የሙያችን መጀመሪያ ይህ ነው ሲባል ይነገራል።

እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ያለውን ታሪክ ሳነብ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ካቦዎቻችን ሲያሠለጥኑን «ይህን አድርግ፣ ያን እንዳታደርግ» ይሉን የነበረው እያንዳንዱ ደንብ ከበስተኋላው የሞተ ወይም የቆሰለ ሰው አለበት። ደንቡን እንጂ ሰውዬውን አልነገሩንም። ጥቂቱን እኔ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ደንብ፣ «ባሩድ በብረት አይጎሰምም» የሚለው ነው። እኛ የምንጎስመው በእንጨት ዘንግ ነበር። በሴፕቴምበር 13 ቀን 1848 በአሜሪካ አገር፣ በቨርሞንት፣ ፊኒያስ ጌጅ የሚባል የ25 ዓመት የባቡር መንገድ ካቦ ባሩዱን በብረት ዘንግ ሲጎስም እሳት ተነሣ። ከአንድ ሜትር በላይ የሚረዝመው፣ ወደ 6 ኪሎ የሚመዝነው ብረት በጉንጩ ገብቶ በአናቱ ወጣ። የሚገርመው ሰውዬው አልሞተም፤ እስከ 1860 ኖሯል። ነገር ግን ጓደኞቹ «ጌጅ ዱሮ የምናውቀው ጌጅ አይደለም» አሉ፤ ጠባዩ ተለውጦ ነበርና። ሐኪሞች ዛሬም ስለ አንጎል ሲያስተምሩ ስሙን ያነሣሉ። ለኛ ግን የእንጨት ዘንግ ማለት እሱ ነው።

ሁለተኛው የክሩ ነገር ነው። ዱሮ ባሩዱን የሚለኩሱት በሸንበቆ ወይም በላባ ቱቦ ውስጥ ደቃቅ ባሩድ ሞልተው ነበር። አንዳንዱ ቶሎ ይነድና ሰውየው ሳይርቅ ይፈነዳል፤ አንዳንዱ ይዘገይና «ጠፋ» ብሎ ሊያይ የተመለሰውን ይበላል። በእንግሊዝ አገር፣ በኮርንዎል፣ ዊልያም ቢክፎርድ የሚባል ቆዳ ነጋዴ ነበር። የማዕድን ሠራተኛ እንኳ አልነበረም፤ የጎረቤቶቹ መሞትና መቁሰል ነው እንቅልፍ የነሣው። ገመድ ሲገመድ አይቶ ባሩዱን በገመዱ መካከል አድርጎ መግመድ ይቻላል ብሎ አሰበ። በ1831 የባለቤትነት መብቱን አወጣ። ክሩ በልክ ይነዳል፤ አንድ ሜትር ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ሰው ስንት እርምጃ እንደሚርቅ አውቆ መለኮስ ቻለ።

ሦስተኛው የድማሚት መምጣት ነው። በ1847 አስካኒዮ ሶብሬሮ የሚባል ጣሊያናዊ በቱሪን ናይትሮግሊሰሪንን አገኘ። ፈሳሹ ፊቱን አቁስሎታልና ለሥራ ይውላል ብሎ አላመነም። ስዊድናዊው አልፍሬድ ኖቤል ግን ተያያዘው። በሴፕቴምበር 3 ቀን 1864 በስቶክሆልም የነበረው የሥራ ቦታ ፈነዳና ታናሽ ወንድሙን ኤሚልን ጨምሮ አምስት ሰዎች ሞቱ። ኖቤል ከዚያ በኋላም አልተወውም። ፈሳሹን እንደ ዱቄት ለስላሳ በሆነ አፈር አስጠጥቶ፣ ቢወድቅ በቀላሉ የማይፈነዳ አደረገው፤ በ1867 ድማሚት ብሎ አስመዘገበው። ዲቶኔተር የምትባለውን ትንሽ ማስነሻም የሠራው እሱ ነው።

ድማሚት መጣ ማለት ግን ሞት ቀረ ማለት አይደለም። በስዊስ አገር ከ1872 እስከ 1882 የተቆፈረው የጎታርድ ዋሻ 15 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፤ ወደ 200 የሚሆኑ ሠራተኞች አልቀውበታል። ቀላሉ በሽታ ደግሞ ራስ ምታት ነው። ድማሚት በእጁ የነካ፣ ጢሱንም የተነፈሰ ሰው ራሱ ለሁለት ይከፈላል። ሰውነት ግን ይለምደዋል። ሁለት ቀን አርፈህ ስትመለስ እንደገና ይጀምርሃል። ይኸው ናይትሮግሊሰሪን ለልብ ሕመም መድኃኒት መሆኑን ስታውቁ ትገረማላችሁ። ኖቤልም በስተርጅና ሐኪሞቹ እሱኑ አዘውለት ነበር።

አራተኛው ደንብ «አትልመደው» የሚለው ነው። ይህን ያስተማረችው የጀርመኗ ኦፓው ናት። እዚያ በፋብሪካ የተከመረ ማዳበሪያ እንደ ድንጋይ ሲጠነክር በድማሚት ያላሉት ነበር። በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ እንዲህ ሲያደርጉ ምንም አልሆኑም። በሴፕቴምበር 21 ቀን 1921 ግን ማዳበሪያው ራሱ ፈነዳ፤ ከ500 ሰው በላይ አለቀ። «ትናንት ምንም አልሆነም» ማለት ዛሬ ምንም አይሆንም ማለት አይደለም። ከ1950ዎቹ ወዲህ ማዳበሪያው ራሱ ከናፍታ ጋር እየተደባለቀ በየካባው የድማሚትን ቦታ ወስዷል። ክሩንም በብዙ ቦታ ኤሌክትሪክ፣ ከ1970ዎቹ ጀምሮም በስዊድን የወጣው የላስቲክ ቱቦ ተክቶታል።

አምስተኛውን ደንብ ከመጽሐፍ አላገኘሁትም።

በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ፣ እኔ ገና ረዳት ሳለሁ፣ በአንድ ተራራማ መንገድ ሥራ ላይ ነበርን። ያኔ የምንሠራው በክር ነበር። የክሩ ርዝመት በየቀዳዳው ይለያያል፤ ተራ በተራ እንዲፈነዱ ነው። ለምን ቢሉ፣ እንዲቆጠሩ። አሥራ ሁለት ከለኮስክ አሥራ ሁለት ጊዜ መጮኽ አለበት። አንድ ከጎደለ ግማሽ ሰዓት፣ በአንዳንድ አገር ደንብ አንድ ሰዓት ሙሉ፣ ማንም አይጠጋም። ከዚያ በኋላም አዋቂው ብቻ ሄዶ ያልፈነዳውን ይፈልጋል።

የዚያን ቀን ማታ አሥራ ሁለት ለኮስን። እኔ አሥራ አንድ ቆጠርኩ። ካቦአችን፣ «ሁለቱ አንድ ላይ ነው የጮኹት፣ እኔ ሰምቻለሁ» አለ። ዝናብ መጥቶ ነበር፤ ሰውም ደክሞታል። በእርግጥ ሁለት አንድ ላይ መጮኹ ያጋጥማል። እኔ ግን አንድ ላይ የጮኸ አልሰማሁም። ልናገር ብዬ አፌን ከፍቼ፣ «ረዳት ሆኜ ካቦን ልከራከር?» ብዬ ዘጋሁት።

በማግሥቱ ጠዋት ጓደኛዬ መሰርሰሪያውን ይዞ የወጣው በዚያው ቦታ ነው። አሥራ ሁለተኛው ቀዳዳ ጠበቀው። ስሙን አልጽፈውም፤ ቤተሰቦቹን አላስፈቀድኩም። የቀን ሠራተኛ ስለነበረ ደመወዝ መክፈያው ላይ ካለው ስም በቀር ወረቀት አልነበረውም። አስከሬኑን አገሩ ያደረስነው እኛው ሳንቲም አዋጥተን፣ የጭነት መኪና ለምነን ነው። እናቱ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ልጄ፣ ሳያውቅ ነው የሞተው?» አሉኝ። «አዎን እማማ፣ ሳያውቅ ነው» አልኩ። እውነት ነው፣ እሱ አላወቀም። እኔ ግን አውቅ ነበር።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለባለቤቴም ጭምር። ዛሬ የጻፍኩት ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እድራችን ስም ሲጠራ ያልመለሰ ሰው ካለ፣ ጸሐፊው ዝም ብሎ አያልፍም፤ «እገሌ የት ነው? ታሟል ወይ? ማን አየው?» ይላል። አንዳንዶቻችሁ በዚህ ስትማረሩ እሰማለሁ፤ ለቅጣቱ ገንዘብ ነው የሚቆጥሩን ትላላችሁ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ያልመለሰውን መጠየቅ የቆየ ጥበብ ነው፤ እኛ በድማሚት ሥራ በስንት ሰው ደም ተማርነው።

ከልጆቻችን መካከል ዛሬ በካባና በመንገድ ሥራ ላይ ያሉ አሉ። ለነሱ የምለው አጭር ነው። ዘንግህ እንጨት ይሁን። ትናንትን አትመን። የቆጠርከውን ቁጥር ደግሞ ጮኽ ብለህ ተናገር፤ ረዳትም ብትሆን፣ ዝናብም ቢመጣ፣ ካቦውም ቢቆጣ። የካቦ ቁጣ እስከ ማታ ነው፤ ያ የዋጥኩት አንድ ቁጥር ግን ይኸው እስከ ሽምግልናዬ አብሮኝ አለ።

በየተራራው የቀሩትን ሁሉ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማርልን።